የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ልጆችና ጊታር፦ 14 ሳምንት እንዴት ይከፈል?

ብራና፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን ለማስረከብ 14 ሳምንት ቀርቶኛል። ያልተጻፉት የውጤትና የማብራሪያ ምዕራፎች ናቸው፤ ሁለቱ አንድ ላይ 12,000 ቃል ገደማ ይሆናሉ። ወደ ጽሑፍ ያልተገለበጡ አምስት ቃለ መጠይቆችም አሉ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሰዓት ቅጂ። ያለኝ ጊዜ በሳምንት 10 ሰዓት ነው፤ በአራት ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አራት ሰዓት። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን፣ ባለቤቴም ሠራተኛ ነው። ጊታሩን ልተወው ወይስ ጊዜው ይበቃል? ቁጥር ያለበት መልስ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ ረቂቅ፦ እህቴ፣ ጊታሩን ከመንካትሽ በፊት ሂሳቡን እንሥራ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ከአሁኑ አንሺያቸው፤ ለገጽ ቅርጽ፣ ለዋቢዎች ማጣራትና ለኅትመት ከዚያ ያነሰ አይበቃም። የቀረው 12 ሳምንት በ10 ሲባዛ 120 ሰዓት ነው። ልጅ ይታመማል፣ እንግዳ ይመጣል፤ ስለዚህ አንድ አምስተኛውን ቀንሺና 96 ሰዓት አለኝ ብለሽ ተነሺ።

አሁን ሥራውን እንቁጠር። በሰዓት 200 ቃል ረቂቅ ብትጽፊ 12,000ው 60 ሰዓት ይወስዳል። ለማረም የዚያን ግማሽ፣ 30 ሰዓት ያዢ። የአንድ ሰዓት ቅጂ በእጅ ለመገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ በአማካይ አምስት ብንል 25 ሰዓት። ድምሩ 115 ነው፣ 19 ሰዓት ይጎድልሻል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ይጀምርና ጉድለቱን ከእንቅልፉ ይከፍለዋል፤ ያልተኛ ሰው ደግሞ በሰዓት 200 ቃል አይጽፍም።

የሚሻለው እንዲህ ነው። ቅጂው ጥርት ያለ ከሆነና ሶፍትዌሩ ቋንቋውን በደንብ ከለየው፣ መጀመሪያ በሶፍትዌር አስገልብጠሽ ከዚያ እየሰማሽ አርሚ፤ ለአንድ ሰዓት ቅጂ ሦስት ሰዓት ቢወስድብሽ 10 ሰዓት ተረፈሽ። ነገር ግን ድምፁን ኦንላይን ከመጫንሽ በፊት ተጠያቂዎቹ የፈረሙት የፈቃድ ቅጽ ይህን ይፈቅድ እንደሆነ አረጋግጪ፤ ካልፈቀደ ኢንተርኔት ሳያስፈልገው በራስሽ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር ተጠቀሚ። ለቀሪው 9 ሰዓት ሁለት ሙሉ ቀን ከባለቤትሽ ጋር ተነጋግረሽ ከአሁኑ ቀን ቁረጪላቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። አማካሪ አንድ ምዕራፍ አንብቦ ለመመለስ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። የውጤቱን ምዕራፍ በ6ኛው ሳምንት ላኪው፣ እሱ እያነበበ አንቺ ማብራሪያውን ጻፊ። ሁለቱን አንድ ላይ ከላክሽ ያ ጊዜ በከንቱ ያልፋል።

የቤት ሰው፦ በቤት ውስጥ ጠብ የሚያመጣው የሥራው ብዛት ሳይሆን መቼ እንደሚያበቃ አለመታወቁ ነው። «እየጻፍኩ ነው» ማለት ለባለቤት ምንም አይነግረውም፤ «ከ2 እስከ 3 ሰዓት ተኩል» ማለት ግን ይነግረዋል። 3፡30 ሲሞላ ደግሞ በእርግጥ መነሳት ያስፈልጋል፣ አንቀጹ ባያልቅም። ሁለት ጊዜ ካሳለፍሽው ሰዓቱ መታመኑ ይቀራል። ቅዳሜ አራት ሰዓት የምትወስጂ ከሆነም እሱም በሳምንቱ ውስጥ የራሱ የሆነ፣ ማንም የማይጠይቀው ጊዜ ይኑረው።

ትንንሽ ልጆች «አንድ ሰዓት ቆዩ» ሲባሉ ልኩን አያውቁትም። በዓይን የሚታይ ነገር፣ ለምሳሌ የአሸዋ ሰዓት፣ ይረዳቸዋል። ቅዳሜ ከመግባትሽ በፊት 20 ደቂቃ ስልክ ሳትይዢ አብረሻቸው ተጫወቺ። የጠገበ ልጅ በር አያንኳኳም፤ ቢያንኳኳም ቶሎ ይመለሳል።

ጊታሩን በተመለከተ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ይበቃል። በዚህ ወቅት አዲስ ከባድ ዘፈን አትጀምሪ፣ የምታውቂውን ጠብቂ። ጊታሩ ከቦርሳው ወጥቶ በማቆሚያ ላይ ይቀመጥ፤ አውጥቶ ማስተካከሉ ራሱ አምስት ደቂቃ ስለሚበላ ድካም ባለበት ምሽት ሰው ይተወዋል። «ምዕራፉ ሲያልቅ እጫወታለሁ» ብለሽ ሽልማት አታድርጊው። ምዕራፍ በቀጠሮው አያልቅም፣ ጊታሩም አብሮት ይቀራል።

ዋቢ፦ ስለ ምሽቶቹ። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ትልቁ ብክነት «የት ነበርኩ?» እያሉ 20 ደቂቃ ማጥፋት ነው። የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃ ለነገ ማስታወሻ ስጪ። «ምዕራፍ 4 ቀጥዪ» አይጠቅምም። «በሠንጠረዥ 3 ሁለተኛው ረድፍ ለምን ዝቅ እንዳለ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረጂ» የሚል ግን ወዲያው ያስጀምራል።

አዲስ ጽሑፍ ቅዳሜ ጠዋት፣ አእምሮ ትኩስ ሳለ ይጻፍ። ማረምና መገልበጥ ለምሽት ይሁን። በጣም ደክሞሽ ከሆነ ዋቢዎችን ዞቴሮ (የዋቢ ማደራጃ ሶፍትዌር) ውስጥ አስገቢ፣ ወይም ርዕሶቹን በዎርድ የርዕስ ስታይል አስተካክዪ፤ ማውጫው በራሱ የሚወጣው ያኔ ነው። በእጅ የተሠራ ማውጫ አንድ ገጽ በተጨመረ ቁጥር ይበላሻል።

ፋይሉም በሦስት ቦታ ይኑር፦ በኮምፒውተሩ፣ በፍላሽና በኦንላይን ማከማቻ።

ብራና፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ቢበላሽስ? በቀጣዩ 20 ሰዓት ልሥራ?

ሦስተኛ ረቂቅ፦ አይሆንም። ከ120ው ቀንሰሽ ያስቀመጥሽው 24 ሰዓት መጠባበቂያ ለዚህ ነው፤ 10ሩን ከዚያ ቀንሺና በተለመደው 10 ሰዓት ቀጥዪ። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከጠፋ ግን ዝም አትበዪ። ያለቀውን፣ የቀረውንና አዲሱን ቀን በሦስት መስመር ጽፈሽ ለአማካሪሽ በኢሜይል ላኪ። የጊዜ ማራዘሚያ ካስፈለገም ማመልከቻው ከማስረከቢያው ቀን በፊት መግባት ስላለበት የትምህርት ክፍልሽን ደንብ በዚህ ሳምንት አንብቢው።