ሥዕል እየሸጡ ለምክር ማስከፈል ነውር ነው እንዴ?

የሸዋ በር ሠዓሊ፦
ሰላም ናችሁ? የምኖረው ደሴ ነው። ስቱዲዮዬ ሸዋ በር የተከራየኋት አንዲት ክፍል ናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤት ሥዕል አስተምራለሁ። ቅዳሜ 12 ልጆች ስቱዲዮ ይመጣሉ። ለራሴ ሸራ የሚተርፈኝ ማታና እሑድ ነው። እሱም መብራት ካለ።

ባለፈው ወር ኮምቦልቻ ሆቴል የሚከፍቱ ባለሀብት «ግድግዳው ላይ ምን እንስቀል? ና ምከረን» አሉኝ። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን መንገድ 4 ጊዜ ተመላለስኩበት። መቀበያው ጀርባ ትልቅ ሥዕል ሊሰቅሉ ነበር፤ የከሰዓት ፀሐይ ቀጥ ብሎ የሚያርፍበት ግድግዳ ነው። ቀለሙ እንደሚገረጣ ነግሬ ወደ ጎን አስዞርኩት። ለመኝታ ክፍሎቹ ደግሞ ምስማሩ ጣሪያ ሥር ተመትቷል። እንግዳው አንገቱን ይቀጭ እንዴ? የሥዕሉ መሃል ከወለሉ 1.5 ሜትር ገደማ ላይ እንዲውል በ22ቱም ክፍል በእርሳስ ምልክት አደረግኩ።

ሲያልቅ ሒሳብ ብጠይቅ ሳቁ። «ሥዕል እንገዛህ የለ? ምክሩ ምርቃት ነው!»

እናንተ እንዴት ነው የምታስከፍሉት? ደግሞስ መካሪ ሆኜ ገብቼ የራሴን ሥዕል «ይሄን ግዙ» ማለት ደግ ነው?

ቧንቧ ውሃ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ያልደረሰበት የለም። እኔ የመጀመሪያውን ቀን አይቼ እመለሳለሁ፣ በነፃ። ከዚያ በኋላ በቀን ነው የማስከፍለው፤ ትራንስፖርት ለብቻው። ግማሹ ካልገባ ሁለተኛ አልሄድም። የምትመክረውን በአንድ ገጽ ጽፈህ ፈርመህ ስጣቸው። አፍ ለአፍ የተነገረ ነገር ወሬ ነው፤ ለወሬ ማን ይከፍላል?

የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፦
እኔ በሰውዬው ወገን ነኝ፣ አትቀየመኝ። 4 ጊዜ ስትመላለስ ዋጋ አንስተህ ታውቃለህ? ቀለም ቀቢው እንኳ ብሩሽ ሳያነሳ በካሬ ስንት እንደሆነ ይነግረኛል። እናንተ ሠዓሊዎች ብር መጥራት ታፍሩና በኋላ ታኮርፋላችሁ።

ስድስት ኪሎ የተማርኩ፦
የእንግዳ ማረፊያዋ እህታችን እውነቷን ነው። የራስህን ሥዕል ስለመሸጥ ግን አንድ ልበል። ሽጥ፣ ግን አስቀድመህ «ይሄ የኔ ነው» በል። ከጓደኛህ ሥዕል ኮሚሽን ከወሰድክም እንደዚያው። ከባለቤቱም ከሠዓሊውም ተደብቆ መብላት ነው ስም የሚያጠፋው።

ማስተማሩን ግን እንዳትተወው። አዲስ አበባ ያለው የአለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም ከተከፈተ ጀምሮ ትልልቆቹ ሠዓሊዎቻችን መምህራን ነበሩ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ እዚያ አስተምሯል። እስክንድር ቦጎሲያንም አስተምሯል፤ በኋላ አሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ያው መምህር ነበር። የወልድያው ልጅ ታደሰ መስፍን እያስተማረ ነው ስንት ዓመት የሣለው። የምፈራልህ ማማከሩን ነው። ምሽትህን በስልክ ይበላዋል።

የሸዋ በር ሠዓሊ፦
አመሰግናለሁ፣ በተለይ እህቴ። አላነሳሁም፣ እውነት ነው። አፍሬ ነው።

ማስተማሩን እንኳ አልተውም። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የ9 ዓመት ልጅ የደሴውን ተራራ ጦሳን ሰማያዊ አድርጋ ሣለች። «ተራራ ሰማያዊ ነው እንዴ?» ብላት፣ «ጠዋት ውጣና እየው» አለችኝ። ወጣሁ። ሰማያዊ ነው ወላሂ! ስንት ዓመት ቡናማ ስቀባው ኖሬያለሁ። እሑድ አዲስ ሸራ ወጠርኩና ጀመርኩት። በደሴ ብርድ የዘይት ቀለሙ ሳምንት ሙሉ እርጥብ ነው፤ ጣቴን ሳስነካው አሁንም ይዞኝ ይመጣል።

ለሰውዬው አንድ ገጽ ጻፍኩላቸው። የ4 ቀን ሒሳብም አብሬ ላክሁ። የ2 ቀን ከፈሉ። ቀሪውን «ሥዕሉን ስንገዛ» ብለዋል። ሰማያዊውን ጦሳ ፎቶ አይተው እሱን ነው የጠየቁት። ገና አልደረቀም አልኳቸው።

ቧንቧ ውሃ፦
የ2ቱ ቀን ሳይገባ እንዳይደርቅ!