የጭነት አውሮፕላን አብራሪ ቦይንግ 737 ይያዝ ወይስ 777?

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም የጎንደር ልጆች። በጭነት ክፍል ለረዳት አብራሪነት 737-800 እና 777 ቀርበውልኛል። የቱ ይሻላል?

ማራኪ፦
ወንድሜ፣ ደመወዙን ለጊዜው ተወውና አውሮፕላኑን የማሳረፍ ዕድል ስንት ጊዜ እንደምታገኝ እይ። 777 ወደ 102 ቶን ጭኖ 9,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ግን ረጅም በረራ ላይ ሦስት አራት አብራሪ ስለሚሳፈር ማሳረፉ በተራ ነው። በ90 ቀን ውስጥ 3 መነሳትና 3 ማረፍ ካልሞላህ ሲሙሌተር (የበረራ ማስመሰያ) ትገባለህ። 737 ወደ 23 ቶን ነው፣ በረራው አጭር፣ እጅ ቶሎ ያፍታታል። ለጀማሪ እኔ እሱን እላለሁ።

ጠዳ፦
ልክ ነው፤ ከፍታውን ግን እንዳትረሳ። የኛው አዘዞ ማረፊያ ወደ 2,000 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ስታሳርፍ የፍጥነት መለኪያው 140 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ አሃድ) ሲያሳይህ እውነተኛው ፍጥነት 155 ገደማ ነው፤ ከሰዓት በሙቀት ደግሞ ይብሳል። የፍሬኑ ሸክም በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይጨምራል። አጭር በረራ ላይ ይሄ ነው የሚያስቸግረው፦ ጭነቱ ወርዶ አልቆም ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ትጠብቃለህ።

የአዘዞ ልጅ፦
767 ቢመጣስ?

ማራኪ፦
ያዘው! ከ757 ጋር የጋራ የዓይነት ፈቃድ (አንድን የአውሮፕላን ዓይነት ለማብረር የሚያስፈልግ ፈቃድ) አለው።