ኮይል፣ ስሊክላይን ወይስ ስናቢንግ? ከአራት ኪሎ የተላከ መልስ

ጥያቄ (አዲስ ገቢ፣ ኤድመንተን)

ሰላም ለሁላችሁ። ከአምስት ኪሎ በሜካኒካል ተመርቄያለሁ። እዚህ ከመጣሁ ሰባት ወሬ ነው፤ ለጊዜው መጋዘን እሠራለሁ። የነዳጅና የጋዝ ጉድጓድ ጥገና ላይ ሰው ይፈልጋሉ አሉኝ። አንዱ ኮይልድ ቱቢንግ ሂድ ይለኛል፣ ሌላው ስሊክላይን። ልዩነቱ አልገባኝም። የት ላመልክት?

መልስ (ለእረፍት አዲስ አበባ ያለሁ)

ወንድሜ፣ እንኳን ደህና ገባህ። እዚያው ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ በዚህ ሥራ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። አሁን አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዤ ነው የምጽፍልህ። ፊት ለፊቴ ልጆች ጥቁር ጥቅልል ቱቦ እየዘረጉ ነው። አንዱ ጫፉን ረግጦ ይዟል፣ ሌላው ያንከባልላል። ትንሽ ላላ ሲያደርጉት ተመልሶ ይጠቀለላል። «ያዘው! ያዘው!» ይባባላሉ።

ኮይልድ ቱቢንግ ማለት ይኸው ነው። ልዩነቱ ቱቦው ብረት ነው፤ ርዝመቱም በኪሎ ሜትር ነው። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ1 ኢንች ተኩል እስከ 2 ኢንች ተኩል ቢሆን ነው። ትልቅ ጥቅል ሆኖ በከባድ መኪና ይመጣል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ኢንጀክተር የሚባል ማሽን በሰንሰለት ቆንጥጦ ወደ ታች ይገፋዋል። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ውሃ፣ አሲድ ወይም ናይትሮጅን ይላክበታል። የደፈነ አሸዋ ያጥባል፣ ከፍራኪንግ (ድንጋዩን በከፍተኛ ግፊት ፈሳሽ ከመሰንጠቅ) በኋላ የቀሩ መዝጊያዎችን ይፈጫል።

ድክመቱ ብረቱ መታከቱ ነው። ሽቦ እያጣጠፍክ ሰብረህ ታውቃለህ አይደል? ኮይልም ወደ ጉድጓድ በገባና በወጣ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይቃናል። ስለዚህ ስንት ጊዜ እንደታጠፈ፣ በምን ግፊት እንደነበር በኮምፒውተር ይያዛል። ዕድሜው ካለቀ አዲስ ቢመስልም ይጣላል።

ስሊክላይን ሌላ ዓለም ነው። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ባልዲ በገመድና በመንጠቆ ሲወጣ አይተህ ከሆነ ግማሹን ተምረሃል። ነጠላ የብረት ሽቦ ነው። በጣም ከተለመዱት አንዱ 0.108 ኢንች ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጫፉ ላይ ክብደትና መሣሪያ ታስሮ በራሱ ክብደት ይወርዳል። መዝጊያ ያስቀምጣል፣ ቫልቭ ይቀይራል፣ የታችኛውን ግፊት ይለካል። ሁለት ሦስት ሰው ይበቃዋል።

ግን ገመድ ይስባል እንጂ አይገፋም። ጉድጓዱ ከ65 ዲግሪ ገደማ በላይ ካዘነበለ መሣሪያው አልወርድም ይላል። አልበርታ ደግሞ አሁን የሚቆፈረው በአብዛኛው አግድም ነው። ኮይል ሥራ የማያጣው ለዚህ ነው።

ስናቢንግን በአጭሩ ልለፈው። ጉድጓዱ ግፊት ላይ እያለ ቱቦ ቁራጭ በቁራጭ እየተገጠመ በሃይድሮሊክ ይገፋል። ጠንካራ ነው፣ ቱቦውን ማዞርም ይችላል። ግን ቀርፋፋ ነው፤ አንተም ግፊቱ አናት ላይ ቆመህ ነው የምትሠራው። ለጀማሪ አልመክርም። ለኔም ሚስቴ አልመከረችም።

ለመግባት ኮይል ይሻልሃል፤ ሠራተኛ ይበዛዋል፣ ጀማሪም ይቀጥራል። እጅህ የሚማረው ግን ስሊክላይን ላይ ነው። እታች ያለውን ነገር በክብደት መለኪያው እንቅስቃሴ ብቻ ትገምታለህ።

እኔ የተማርኩት በውድ ነው። የሽቦውን ጫፍ በየጊዜው ቆርጦ መጣል ግዴታ ነው፤ ቶሎ የሚደክመው እሱ ነው። የመጀመሪያ ዓመቴ አንድ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ነበር። «ነገ እቆርጠዋለሁ» አልኩ። ትንሽ ቆይቶ መለኪያው ዝቅ አለ። ሽቦው ተበጥሶ መሣሪያው እታች ቀርቷል። ለማውጣት ሦስት ቀን ፈጀ። አለቃዬ አልጮኸብኝም። የተበጠሰችውን ጫፍ አምጥቶ ኪሴ ውስጥ ከተታት። ዛሬም ከቁልፌ ጋር አለች።

ሳታመለክት ኤችቱኤስ አላይቭ የሚባለውን፣ ኤችቱኤስ ከተባለው መርዛማ የጉድጓድ ጋዝ ራስን ስለመጠበቅ የሚያስተምረውን የአንድ ቀን ሥልጠና ውሰድ፤ 3 ዓመት ያገለግላል። ያ ጋዝ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ሽታው ይጠፋብሃል፤ ጋዙ ሄዶ ሳይሆን አፍንጫህ ሞቶ ነው። ክላስ 1 (የተሳቢ መኪና) መንጃ ፈቃድ ካለህ ደግሞ ለኮይል ወርቅ ነው። በረዶው ሲቀልጥ መንገዱ ስለሚረጥብ ለከባድ መኪና ገደብ ይጣላል፤ ብሬክ አፕ ይሉታል። ሥራ ቀጥ ይላል። የቤት ኪራይህን ከዚያ በፊት አስቀምጥ።

ጥያቄ (አዲስ ገቢ፣ ኤድመንተን)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሙያው ሀገር ቤትስ ይሠራል?

መልስ (ለእረፍት አዲስ አበባ ያለሁ)

ሶማሌ ክልል፣ ካሉብ ላይ ጋዝ ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ሰኔ 2010 ዓ.ም. የሙከራ ድፍድፍ ዘይት ወጣ ሲባል እኔም ዘልያለሁ። አሁን ግን ተስፋ አድርጌ ሻንጣ አላዘጋጅም፤ አንተም መጀመሪያ እዚያ ሙያህን ያዝ። ትራንስክሪፕት ካስፈለገህ ውክልና ላክልኝ፤ አምስት ኪሎ ቅርቤ ነው። በርበሬ የሚፈልግም እስከ ሐሙስ ይንገረኝ፤ ለአንድ ሰው ከሁለት ኪሎ በላይ አልይዝም።