ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚሠራ ምን ዓይነት ጫማ ይሻላል?

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሥራዬ ፀጉር ቤት ነው፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀን 10 ሰዓት መቆም። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜን ይወጋኛል። ኮንጎ ጫማዬን ልቀይር ወይስ ሶል ልጨምርበት?

መልስ 1፦ ኮንጎውን ተወው ወንድሜ፤ ላብ ያፍናል፣ የእግርን መሃልም አይደግፍም። ጫማ የሚገዛው ወደ ማታ ነው፤ እግር ውሎ ስለሚያብጥ ጠዋት ልክ የሆነው ማታ ይጠባል። ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ። ከዚያ እጠፈው፦ ጣቶች ዘንድ ከታጠፈ ጥሩ፣ መሃሉ ላይ ከታጠፈ ለባለሱቁ መልስለት። የተረከዙ ጀርባ በአውራ ጣት ስትጫነው መሟሸሽ የለበትም።

መልስ 2፦ የጠዋቱ ውጋት ብዙ ጊዜ ከተረከዝ ወደ ጣቶች የተዘረጋው ጅማት ሲጎዳ የሚመጣ ነው፤ ሌሊት ተኮማትሮ ያድርና በመጀመሪያው እርምጃ ድንገት ይወጠራል። ጫማ ብቻውን አይፈታውም። ግድግዳ ተደግፈህ ባትህን 30 ሰከንድ ሳብ፣ 3 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ሶል ስትጨምር የድሮውን አውጣ፤ ከተደራረበ ተረከዝህ ከጫማው ይወጣል፣ ጣትህም ይጨነቃል። ወንበሩ ዙሪያ ወፈር ያለ ምንጣፍ አንጥፍ።

መልስ 3፦ እግርህ አብጦ ካሳከከህ፣ አድሮም ካልቀነሰ ግን የመቆም ድካም ነው ብለህ አትለፈው። በጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር መሄድ የሚያመጣው የእግር ዝሆኔ አለ። በጊዜ ከተያዘ በየቀኑ በሳሙና በመታጠብና ጫማ በማድረግ ይገታል፤ ጤና ጣቢያ ታይ።