ለካራክተር የኋላ ታሪክ የትኛው ይሻላል? ጥቆማ ለጀማሪም ለነባርም

ዲ ኤንድ ዲ (ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ) እያንዳንዱ ተጫዋች የፈጠረውን ሰው፣ ማለትም ካራክተሩን፣ ይዞ በዳይስ የሚጫወተው የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። «ዲ ኤንድ ዲ ልንጀምር ነው፤ የካራክተሬን የኋላ ታሪክ በምን ልሥራ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚመጣ፣ የማውቃቸውን መጻሕፍትና ድረ ገጾች አንድ ላይ ልመዝናቸው። የሚከፈልባቸውም በነጻ የሚገኙም አሉ። አገር ቤት ሆኖ ከውጭ በካርድ መግዛት ለሚቸገር ሰው ነጻዎቹን ለይቼ እጠቅሳለሁ።

መጀመሪያ መለኪያዬን ልናገር። የኋላ ታሪክ የሚሠራው ለጠረጴዛው፣ አብሮ ለሚጫወተው ቡድን ነው። ማስተሩ (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) ከወር በኋላ አውጥቶ የሚጠቀምበት ነገር ከሌለው አሥር ገጽም ቢሆን ማንም አያስታውሰውም። በሕይወት ያለ ጠላት፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ያልተፈጸመ መሐላ ወይም ካራክተሩ እግሩን የማያሳርፍባት ከተማ ካለች ግን አምስት መስመር ይበቃል።

ከዋናው እንጀምር። በ2014 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የዲ ኤንድ ዲ አምስተኛ እትም የተጫዋቾች መጽሐፍ 13 ዳራዎች፣ ማለትም ካራክተሩ ከጀብዱው በፊት የኖረባቸው የኑሮ ዓይነቶች፣ አሉት፤ ወታደር፣ መርከበኛ፣ አጭበርባሪ፣ መናኝ፣ የሕዝብ ጀግና እና ሌሎችም። እያንዳንዱ ሁለት ችሎታ፣ ጥቂት ዕቃና አንድ ልዩ ጥቅም ይሰጣል። ትልቁ ዋጋው ግን ሰንጠረዦቹ ናቸው፦ በባለ ስምንት ገጽ ዳይስ ጠባይ፣ በባለ ስድስት ገጽ ደግሞ ዓላማ፣ ትስስርና ድክመት ይወጣል። ጊዜ ካጠራችሁ ጠባይና ዓላማን ዝለሉና ትስስርና ድክመትን አውጡ። ታሪክ የሚጎትቱት እነሱ ናቸው። የ2024ቱ አዲስ መጽሐፍ ዳራዎቹን 16 አድርሶ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ጸሐፊና መንገድ መሪን ጨምሯል፤ የሕዝብ ጀግናውን ግን አስቀርቶ እነዚያን ሰንጠረዦችም አውጥቷቸዋል። በምትኩ የጉልበት ወይም የብልሃት ነጥብ ጭማሪውና የመጀመሪያው ልዩ ችሎታ ከዳራው ጋር ታስረዋል። በዚህ ምክንያት ጠንቋይ የሚጫወት ሰው የሕይወት ታሪኩን ለቁጥር ብሎ ሲመርጥ ይታያል፤ ይህ ያሳዝነኛል። ሕጉን ከአዲሱ፣ ሰንጠረዡን ከአሮጌው ውሰዱ። አብረው ይሄዳሉ።

በ2017 የወጣው ዛናታርስ ጋይድ ቱ ኤቭሪቲንግ የካራክተሩን ሕይወት ከልደት ጀምሮ በዳይስ የሚያወጣ ክፍል አለው፦ ወላጆች፣ የትውልድ ቦታ፣ ወንድምና እህት፣ ያደገበት ቤት፣ ከዚያም እንደ ዕድሜው ብዛት የደረሱበት ነገሮች። ምንም ሐሳብ ላልመጣለት ሰው ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ አልጠቁምም። ወንድም ወጣላችሁ እንበል፤ ሰንጠረዡ ይህ ወንድም ይወዳችኋል ወይስ ይጠላችኋል ብሎ ይቀጥላል፤ ማስተሩ አንድ ሰው በእጁ ገባ ማለት ነው። ጉድለቱ ክስተቶቹ እርስ በርስ አለመያያዛቸው ነው፤ የማያያዙ ሥራ የእናንተ ነው። መጨረሻው ላይ ከዓረብኛ እስከ ስላቭ የየሕዝቡ ስሞች ተደርድረዋል፤ ኢትዮጵያዊ ዝርዝር ግን የለም። የሽፋን ዋጋው 50 ዶላር ገደማ ስለሆነ አሜሪካ ያላችሁ መጀመሪያ የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ።

ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ የተባለው ድረ ገጽ ለነጥቦቹ ሒሳብ ምቹ ነው፤ በነጻ አካውንት እስከ ስድስት ካራክተር ይያዝበታል። ለታሪኩ ግን ባዶ ሣጥን ከመስጠት ብዙም አያልፍም። ፓዝፋይንደር የተባለውን ሌላ ጨዋታ ሁለተኛ እትም ለሚጫወቱ አርካይቭስ ኦቭ ኔቲስ የሚባለው ድረ ገጽ ሕጉን ሁሉ በነጻ አስቀምጧል። ዳራዎቹ እጅግ ብዙ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ጋር ደግሞ ካራክተሩ ከኑሮው የተማረው ጠባብ የዕውቀት ዘርፍ ይመጣል። ስለ ማዕድን፣ ስለ ወደብ ወይም ስለ ቀብር ሥርዓት የሚያውቅ ሰው በጨዋታ መካከል ስለ ራሱ እንዲናገር ምክንያት ያገኛል። ዝርዝሩን ለማንበብ ብቻ መግባትም አይከፋም።

አሁን ከልቤ ወደምወዳቸው ልምጣ። ቢዮንድ ዘ ዎል በ2013 የወጣ አነስ ያለ ጨዋታ ነው፤ የሚጫወተው በአንዲት መንደር ስላደጉ ወጣቶች ነው። አንዱ ባላባት የመሆን ምኞት አለው፣ ሌላዋ የጠንቋይዋ ደቀ መዝሙር ናት። ተጫዋቾቹ አብረው ተቀምጠው እያንዳንዱ በየተራ ስለ ልጅነቱ ዳይስ ይጥላል፤ በየመልሱ የጉልበት ወይም የጥበብ ነጥቡ ያድጋል። ከጥያቄዎቹ በአንዱ ላይ ደግሞ ከቀኝህ የተቀመጠው ጓደኛህ በዚያ ቀን አብሮህ ነበር ይላል፤ ጓደኛውም ነጥብ ያገኛል። በመካከሉ ሁሉም የመንደሯን ካርታ እየሞሉ፣ ወፍጮውንም ቀጥቃጩንም እየሰየሙ ይሄዳሉ። ሲያበቃ መንደር አለ፣ ጓደኝነት አለ፣ ማስተሩም ምን ቢቃጠል እንደሚያማቸው ያውቃል። «እናንተ ሰዎች ለምን አብራችሁ ትሄዳላችሁ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣባቸው ስንት ረጅም ጨዋታዎች አሉ! ይህ ጨዋታ ጥያቄውን ከሥሩ ይነቅለዋል።

ፌት ኮር የተባለው ጨዋታም በሌላ መንገድ እዚያው ይደርሳል። መጀመሪያ ካራክተራችሁ የገጠመውን አንድ ጀብዱ ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ ወረቀቱ ወደ ሌላ ሰው ያልፍና ያ ሰው የእሱ ካራክተር በዚያ ጀብዱ ውስጥ ምን እንዳደረገ ይጨምራል፤ ለሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ። ሕጉ በነጻ ይነበባል፣ መጽሐፉንም በፋይል ስታወርዱ የምትከፍሉትን ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ዲ ኤንድ ዲ የምትጫወቱም ብትሆኑ ይህን የወረቀት መቀባበል ብቻ ወስዳችሁ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት አንድ ሰዓት ስጡት።

ብቻውን ለሚጫወት ሰው አይረንስዎርን አለ፤ በ2018 ወጥቶ ፋይሉ በነጻ ይታደላል። ካራክተሩ ጨዋታውን የሚጀምረው በከባድ መሐላና እስከ ሦስት በሚደርሱ የሰው ወይም የመንደር ትስስሮች ነው። ሌላ ታሪክ አያስፈልገውም።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቻትቦቶችን በተመለከተ፦ ታሪክ ጻፍልኝ ካላችሁት ቤተሰቡ አልቆበት መንደሩ የተቃጠለበት ሰው ይጽፍላችኋል፤ ዘመድ አልባ ካራክተር ደግሞ ለማስተሩ ባዶ እጅ ነው። ይልቅ እንዲጠይቃችሁ እዘዙት። «ስለ ካራክተሬ አሥር ጥያቄ ጠይቀኝ፣ አንተ ምንም አትጻፍ» በሉት፤ እንዲህ ሲሆን ይጠቅማል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ጠረጴዛ ደግሞ በየትኛውም መደብር የማይሸጥ ሀብት አለን። ፉከራን አስቡት፦ ሰውዬው ተነሥቶ «ዘራፍ!» ብሎ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ በራሱ አንደበት ይናገራል። ተዋጊ የሚጫወት ሰው የኋላ ታሪኩን ጽፎ ከሚልክ በመጀመሪያው ቀን ቆሞ ቢፎክረው ሁሉም ይሰማዋል፣ ያስታውሰዋልም። የፈረስ ስምም ስጡት። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አራተኛ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር፤ የእናንተም ባላባት አባ አንድ ነገር ይባል፣ ስሙን ያገኘበት ቀን ደግሞ ታሪክ ይሁን። ዳራም ሞልቶናል። ደበሎ ለብሶ ከደብር ደብር በእግሩ የሚዞር፣ ቁራሽ ሲለምን ውሻ የሚያባርረው የቆሎ ተማሪ፤ ቅኔውንም ዜማውንም ጠንቅቆ ክታብ በመጻፉ የሚፈራ ደብተራ፤ ቅፍለት እየመራ በረሃ የሚያቋርጥ ነጋድራስ። ግፍ ደርሶበት ጫካ የገባ ሽፍታ ደግሞ የሕዝብ ጀግናውን ቦታ በሚገባ ይሞላል፤ ካሳ ኃይሉ ከሽፍትነት ተነሥቶ በ1855 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቴዎድሮስ ተብሎ ነግሧል።

እነዚህን ወደ ሕጉ ማስገባት ቀላል ነው። የ2014ቱ ሕግ የራስን ዳራ መሥራት ይፈቅዳል፦ የፈለጋችሁትን ሁለት ችሎታ፣ ከመሣሪያና ከቋንቋ በድምሩ ሁለት፣ ከሌላ ዳራ የተዋሰ አንድ ጥቅም። ይህ አንቀጽ ከጥር 2023 ጀምሮ በነጻ ፈቃድ በተለቀቀው ሰነድ ውስጥ ይገኛል፤ ምንጩን ከጠቀሳችሁ የሠራችሁትን በአማርኛ ማሰራጨት ትችላላችሁ። ለምሳሌ የእኔ አዝማሪ ይህን ይመስላል፤ ውሰዱት፣ ለውጡት። ችሎታው ትርዒትና የሰው ልብ ማንበብ፣ መሣሪያው ማሲንቆ፣ ተጨማሪ አንድ ቋንቋ፤ ጥቅሙ በዘፈነበት ቤት ማደሪያና ምግብ አለማጣቱ። ትስስሩ፦ «በአንድ ደጃዝማች ግብር ላይ ካዜምኩት ቅኔ ወርቁ ገብቶት የሳቀ አንድ ሎሌ ብቻ ነበር፤ በማግስቱ ያ ሎሌ ጠፋ፣ የት እንዳደረሱት ሳላውቅ አልሞትም።» ድክመቱ፦ «ግጥም ከመጣልኝ ማን ፊት እንደቆምኩ እረሳለሁ።»