በጦርነቱ ወራት ያለ ሞዴል 64 (የመንግሥት ገቢ ደረሰኝ) የተሰበሰበ የውኃ ገንዘብ በሒሳብ መዝገብ እንዴት ይታያል?

ጥያቄ፦ ከሒሳብ ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ከወልድያ ብዙም በማትርቅ አነስተኛ ከተማ፣ በከተማ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ሥራውን የተረከብሁት ጽሕፈት ቤቱ ዳግም ከተከፈተ በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. መጋቢት ወር ስለሆነ የምጠይቃችሁን ጉዳይ በዓይኔ አላየሁትም፤ የማውቀው ጠረጴዛዬ ላይ ካለ አንድ የተማሪ ደብተር ነው።

የ2014 በጀት ዓመት እንደ ወትሮው ሐምሌ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ገባ፤ በነሐሴ ግን ከተማችን በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ዋለች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም በዚያው ቆየች። ሥራ አስኪያጁ፣ ገንዘብ ያዧና አብዛኞቹ ሠራተኞች መጀመሪያ ወደ ደሴ፣ ደሴም በጥቅምት ስትያዝ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሹ። መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጡ። ከውኃ ክፍሉ ሠራተኞች የቀረው የፓምፕ ኦፕሬተሩ ብቻ ነበር፤ እሱም የቀረው እናቱ የአልጋ ቁራኛ ሆነውበት ነው።

መብራት ከጠፋ በኋላ ፓምፑ የሚንቀሳቀሰው በጄኔሬተር ብቻ ሆነ፤ በግቢው የነበረው ናፍጣም ወዲያው አለቀ። ስለዚህ የሁለት ዕድሮች ዳኞች፣ አንድ ቄስ፣ አንድ ሼህና ኦፕሬተሩ ተቀምጠው እያንዳንዱ ቤት በሳምንት 30 ብር እንዲያዋጣ፣ የሌለውም እንዲታለፍ ተስማሙ። መዋጮው ኦፕሬተሩ በያዘው በዚሁ ደብተር ላይ በየሰፈሩ ተጽፏል፤ በአጠገቡ የተገዛው ናፍጣ በጀሪካን ብዛትና በዋጋ ሰፍሯል፤ የሻጩ ስም መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ግን ከላይ እስከ ታች «ከመንገድ» የሚል ቃል ብቻ አለ። ጳጉሜን 5 ላይ «ለበዓሉ ሁለት ሰዓት ተጨማሪ» ተብሎ አንድ ጀሪካን ተመዝግቧል። በኅዳር ወር ዋናው መስመር ሲፈነዳ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ከንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ጋር ስለሄደ፣ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ጓጉንቸሩ ተሰብሮ አራት ቱቦና አንድ ጌት ቫልቭ ወጥቷል፤ አምስቱም ፈርመውበታል፤ አንደኛው በጣት አሻራ።

አሁን የመጣው የኦዲት ሪፖርት «ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ የተሰበሰበ ገንዘብ» እና «ያለ ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) ወጪ የሆነ ንብረት» በሚሉ ሁለት ግኝቶች ኦፕሬተሩን ተጠያቂ አድርጎ ገንዘቡ ተመላሽ እንዲሆን ያሳስባል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ነገሩ እንዲያልቅ ለጠቅላላው ገንዘብ አሁን ሞዴል 64 እንቁረጥና ወጪውንም በዚያው እናወራርድ ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም፤ ሌላ መንገድ ግን አላየሁም። በተጨማሪም ደብተሩ ሲገለበጥ፣ ከኋላ ጀምሮ፣ በእነዚያ ወራት በከተማዋ የሞቱና የተቀበሩ ሰዎች ስም ከነቀኑና ከነመቃብሩ ቦታ ተጽፎ አግኝቻለሁ። ይህንንስ ምን ላድርገው?

መልስ 1፦ የቀድሞ ኦዲተር

ባልደረባዎ የሰጡትን ምክር፣ ለደግ ብለው ቢሆንም እንኳ፣ አይቀበሉት። ሞዴል 64 በተከታታይ ቁጥር ታትሞ፣ ከፋይናንስ በፊርማ ወጥቶ የሚሰጥ ጥራዝ ስለሆነ፣ ዛሬ በእጅዎ ካለው ጥራዝ ላይ የመስከረም 2014 ቀን ቢጽፉ ቁጥሩ ራሱ ያጋልጥዎታል። ያን ጊዜ አሁን በደብተር የተጻፈ እውነት የሆነው ነገር በደረሰኝ የተጻፈ ሐሰት ይሆናል፤ ኦፕሬተሩንም፣ ያላጠፋውን ሰው፣ እርስዎ አጥፊ ያደርጉታል።

ከዚያ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት፣ ይህ ገንዘብ የመንግሥት ገቢ ነው ወይ የሚለው ነው። የውኃ ታሪፍ ሲከፈል፣ ውዝፍ ሲሰበሰብ፣ አዲስ መስመር ሲቀጠል የሚገባው ገንዘብ የመንግሥት ነው፤ ያለ ደረሰኝም አይሰበሰብም። ጎረቤት ከጎረቤት ተስማምቶ ናፍጣ ለመግዛት ያዋጣው ገንዘብ ግን የነዋሪው መዋጮ ነው፤ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ካዝና አልገባም፣ በበጀትም አልታወቀም፤ ስለዚህ በገቢ ርዕስ አይያዝም፣ ተመላሽ የሚደረግለትም መንግሥት አይደለም። ኦዲተሩ ሁለቱን አንድ አድርጎ እንደሆነ በጽሑፍ በሚሰጡት ምላሽ ላይ ይህንኑ ለይተው ያስረዱ። ሆኖም ደብተሩን እያንዳንዷን መስመር ያንብቡ፤ ከመዋጮው መካከል የድሮ ውዝፍ የከፈለ ደንበኛ ካለ፣ ያች ገንዘብ የመንግሥት ናትና በዛሬው ቀን፣ በዛሬው ሞዴል 64፣ «በጦርነቱ ወቅት ለኦፕሬተሩ የተከፈለ ውዝፍ» ተብላ ገቢ ትሁን። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሌላውን ሁሉ ተአማኒ የሚያደርገው ግን ይኸው ነው።

ቱቦዎቹና ቫልቩ የተለየ ጉዳይ ናቸው፤ እነሱ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሆነው በስቶክ ካርድ (የንብረት መቆጣጠሪያ ካርድ) የተያዙ የመንግሥት ንብረቶች ነበሩ። እዚህም ላይ ቢሆን ወደ ኋላ ተመልሶ ሞዴል 22 መቁረጥ አይገባም። ሥራ አስኪያጁ የቆጠራ ኮሚቴ በደብዳቤ ይሰይሙ፤ ኮሚቴው መስመሩ የተጠገነበት ቦታ ድረስ ሄዶ ቱቦው መሬት ውስጥ መኖሩን በዓይኑ ይይ፤ ከዚያ ቃለ ጉባኤ ይያዝና ስቶክ ካርዱ በቃለ ጉባኤው ቁጥር ይስተካከል። ዋናው ደብተር ከቃለ ጉባኤው ጋር በርክክብ ይያያዝ፤ ለኦፕሬተሩም ቅጂው ማኅተም ተደርጎበት ይሰጠው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ሰውየው ለመከላከያው ያለው ወረቀት ያው ደብተር ብቻ ነውና ባዶ እጁን አይቅር።

መልስ 2፦ የጄኔሬተር ባለሙያ

ከላይ የተሰጠውን መልስ አልቃወምም፤ ነገር ግን ደብተር ስላለ ብቻ ሁሉም ነገር እውነት ነው ብሎ መነሣትም ልክ አይመስለኝም። በምኖርባት ከተማ በዚያው ወቅት ለወፍጮ ተብሎ በተሰበሰበ ናፍጣ የነገደ ሰው ነበር፤ እሱም ደብተር ነበረው፤ እንዲያውም ከሁሉም ይልቅ ያማረ ደብተር የእሱ ነበር።

ማጣራቱ አያስቸግርም። ጄኔሬተሩ ላይ የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥር ቆጣሪ አለ፤ ካልተበላሸ በቀር ማንም ወደ ኋላ አይመልሰውም። ሠራተኞቹ ከመሸሻቸው በፊት በሎግ ቡኩ (የጄኔሬተሩ የሥራ መዝገብ) የተመዘገበውን የመጨረሻ ንባብና መብራት ተመልሶ ጄኔሬተሩ ያረፈበትን ንባብ ወስደው ልዩነቱን ያውጡ። ከዚያ በደብተሩ የተመዘገበውን ናፍጣ በሊትር አስልተው ለሰዓቱ ያካፍሉት፤ አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ነው። የሚያገኙት ቁጥር ያ ጄኔሬተር ከጦርነቱ በፊት በሰዓት ይፈጅ ከነበረው ጋር ከተቀራረበ ናፍጣው ጄኔሬተሩ ውስጥ ነው የነደደው። በጣም ከበለጠ ግን የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የጥቁር ገበያ ናፍጣ አንዳንዴ ከኬሮሲን ጋር የተቀላቀለ ስለነበረ ጥቂት መብለጡ አያስደንግጥ።

መልስ 3፦ ጠበቃ

በሕግ በኩል ሁለት ነገር ልጨምር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2257 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች፣ ሥልጣን ሳይኖረውና ሳይወከል፣ ነገሩን እያወቀ የሌላውን ሰው ጉዳይ ስለሚመራ ሰው ይናገራሉ። እንዲህ ያለ ሰው በቅን ልቡናና በጥንቃቄ መሥራት፣ እንደተቻለውም ለባለጉዳዩ ማስታወቅና ሒሳቡን ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ጉዳዩ የተመራው የባለጉዳዩ ጥቅም ስላስገደደ ከሆነ ደግሞ ባለጉዳዩ ሥራውን ሊያጸድቅለትና በወጪው ሊክሰው ይገባል። ድንጋጌው በመጀመሪያ የታሰበው ጎረቤቱ በሌለበት ጣራው የተነቀለበትን ቤት ለሚጠግን ዓይነት ሰው እንጂ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ ቢሆንም ጽሕፈት ቤቱ ለኦዲት ግኝቱ በሚሰጠው ምላሽ ላይ ይህን መንፈስ መጥቀሱ ይጠቅመዋል። ፓምፑ ቆሞ ቢከርም ሆነ መስመሩ እንደፈነዳ ቢቀር የሚጎዳው ያው ጽሕፈት ቤት ነበርና። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ «በወቅቱ የተፈጸመውን ጥገና ጽሕፈት ቤቱ ተቀብሎታል» የሚል አንድ ደብዳቤ ቢጽፉ፣ ኦፕሬተሩን ከብዙ ምልልስ ያድኑታል።

አንድ ነገር ግን በቃለ ጉባኤው ላይ በግልጽ ይታይ፤ መዋጮውን የወሰኑት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው ወይስ ከተማዋን የያዘው ኃይል አዝዟቸው ነው? አሳዛኝ ቢሆንም፣ በእነዚያ ወራት በከተማ የቀረ ሰው ሁሉ «ምን ትሠራ ነበር?» ተብሎ ተጠይቋል፤ አንድ ሰው ውኃ ስለገፋ ብቻ በክፉ ዓይን እንዳይታይ፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉና ሳይረሱ ቃላቸውን በጽሑፍ ይስጡ።

የሟቾቹን ዝርዝር በተመለከተ፣ ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያስቸኩለኝ እሱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ዘንድ መመዝገብ ነበረበት፤ በወቅቱ ግን ሹሙም፣ መዝገቡም፣ ማኅተሙም በቦታው አልነበሩም። ጊዜው ቢያልፍም የዘገየበት ምክንያት ተገልጾና ማስረጃ ቀርቦ ይመዘገባል። የቀብሩን ቦታ የሚያረጋግጥ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ደብዳቤ፣ የዕድሩ ደብዳቤና የዚህ ደብተር ገጽ ቅጂ አንድ ላይ ሲቀርቡ ጠንካራ ማስረጃ ናቸው። ያለ ሞት ምስክር ወረቀት የወራሽነት ማረጋገጫ ለማውጣት፣ የጡረታ መብት ለመጠየቅ፣ የባንክ ሒሳብ ለማስከፈት የሚንገላታ ቤተሰብ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ቤተሰቦቹ እስኪመጡ አይጠብቁ፤ ዝርዝሩን በደብዳቤ ለቀበሌው ያስተላልፉ።

መልስ 4፦ የቀድሞ የቀበሌ ጸሐፊ

ወግ እንዳይመስልብኝ አሳጥራለሁ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ተዘርፎ፣ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሱት ትርፍ ቤቶች የኪራይ ካርዶች በየሱቁ የስኳርና የጨው መጠቅለያ ሆነው ነበር። የአንድ ቤት ካርድ በስኳር መጠቅለያነት እጄ ገብቶ እንደገና ወደ ፋይል መልሼዋለሁ፤ የሌሎቹ ግን ዓመታት ሙሉ በምስክር ክርክር አለቀ። ያ ኦፕሬተር ደብተሩን የት ደብቆ እንዳቆየው ማወቅ እፈልጋለሁ።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻውን ለመመለስ ያህል፦ ደብተሩ የከረመው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከኦፕሬተሩ እናት ፍራሽ ሥር ነው፤ ጥግ ጥጉን እርጥበት ነክቶታል፤ ጽሑፉ ግን በቢክ ስለሆነ አልጠፋም።

ትናንት ከቴክኒክ ሠራተኛው ጋር ወርደን ቆጣሪውን አነበብን። በሎግ ቡኩ ካለው የመጨረሻ ንባብ ጋር ያለው ልዩነት 412 ሰዓት ነው። በደብተሩ የተመዘገበው ናፍጣ 159 ጀሪካን፣ ማለትም 3,180 ሊትር ሆኖ ተገኝቷል፤ በሰዓት ወደ 7.7 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ከጦርነቱ በፊት በነበረው ሎግ ቡክ ላይ ያው ጄኔሬተር በሰዓት ከ7 እስከ 8 ሊትር ይፈጅ ነበር። ስሌቱን ከሎግ ቡኩ ቅጂ ጋር ለኦዲቱ በምንሰጠው ምላሽ ላይ አያይዘነዋል።

ደብተሩን መስመር በመስመር ሳነበው ሁለት ውዝፍ የከፈሉ ደንበኞች አገኘሁ፤ በድምሩ 340 ብር ነው። ኦፕሬተሩን ስጠይቀው «ለናፍጣው ጨመርኩት» አለኝ፤ ከዚያም ወጥቶ ሄዶ ከኪሱ 340 ብር ይዞ ተመለሰ። ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ያጸድቀዋል ወይስ በስሙ ገቢ ይደረጋል የሚለውን ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ እስኪወሰን ብሩን መልሼለታለሁ። የቆጠራ ኮሚቴው ሰኞ ቱቦው ወደተቀበረበት ይወርዳል። የሟቾቹን ዝርዝር ለቀበሌው አስተላልፌያለሁ፤ 23 ስም ነው፤ የአንደኛው ስም አልታወቀም፤ «መንገደኛ፣ ከመስጊዱ በስተጀርባ» ይላል። የክብር መዝገብ ሹሙ ይህን እንዴት እንደሚመዘግቡት ዞኑን ጠይቀዋል።