ዘጠኝ ቀን በኮሞሮስ ደሴቶች፦ ጸጥታ ፈላጊ ለሆንን ባልና ሚስት ምን ትመክሩናላችሁ?

የአራት ኪሎዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔና ባለቤቴ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለን ጡረታ ስለወጣን፣ ለረጅም ጊዜ ስናወራው የኖርነውን የባሕር ጉዞ በመጪው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ለማድረግ ቆርጠናል። የምንፈልገው ሙዚቃ የሚጮኽበት የመዝናኛ ባሕር ዳርቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት ወንጪ ሐይቅ ዳር ባሳለፍነው አንድ ማለዳ፣ ጭጋጉ ከውኃው ላይ እየተነሣ ከአንዲት ወፍ ድምፅ በቀር ምንም ያልሰማንበትን ሰዓት ሁለታችንም አልረሳነውም፤ ወንጪ የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ መሆኑን ያወቅነው ግን በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ጸጥታ ከሞቃት ባሕር ጋር አጣምሮ የያዘ ቦታ ስንፈልግ ዓይናችን ኮሞሮስ ላይ አረፈ፤ አየር መንገዳችን ወደ ዋና ከተማዋ ሞሮኒ የሚበር መሆኑም ሐሳባችንን አጠናከረልን።

በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሦስቱንም ደሴቶች ማየት ይቻላል ወይስ አንዱን መምረጥ ይሻላል? ባለቤቴ የካርታላን ተራራ መውጣት ይመኛል፤ ዕድሜው 61 ሲሆን ጉልበቱ ቁልቁለት ላይ ያስቸግረዋል። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ እኔ ጾመኛ ነኝ (ሱባኤዬን እዚያው እይዛለሁ ብያለሁ)፤ በምግብ እቸገር ይሆን?

ሞሮኒ የኖረ

እንኳን ለዚህ አበቃችሁ፣ እህቴ። በመንገድ ሥራ ምክንያት ሞሮኒ ሁለት ዓመት ስለኖርኩ የማውቀውን ልንገርዎት። ሦስቱንም ደሴቶች በዘጠኝ ቀን እናያለን ካላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜያችሁን ወደብና አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ሻንጣ ስትጠብቁ ታሳልፉታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1975 ነጻ የወጣችው አገር ንጋዚጃን፣ ንዝዋኒንና ምዋሊን የያዘች ናት፤ ፈረንጆቹ ግራንድ ኮሞር፣ አንጁዋንና ሞሄሊ የሚሏቸው ማለት ነው። አራተኛዋ ማዮት በፈረንሳይ ሥር ስለቀረች የራሷ ቪዛ ያስፈልጋታልና ከዕቅዳችሁ ውስጥ አታስገቧት።

የእኔ ምክር ሁለት ሌሊት ንጋዚጃ፣ አራት ሌሊት ሞሄሊ፣ ከዚያም የመመለሻ በረራችሁ ሁለት ቀን ሲቀረው ወደ ንጋዚጃ መመለስ ነው። ይህን የምለው በነሐሴ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ፣ እነሱ ኩሲ የሚሉት፣ ባሕሩን ስለሚያናውጠውና ጀልባ አንድ ቀን ሙሉ ሊያስቀር ስለሚችል ነው። ከንጋዚጃ ደቡባዊ ጫፍ ከቺንዲኒ ወደ ሞሄሊ የሚሻገሩት ትናንሽ ጀልባዎች ክዋሳ ይባላሉ። ሁልጊዜ ማለዳ ተሻገሩ፤ የሕይወት አድን ጃኬት ሳይሰጣችሁም አትሳፈሩ። እኔ አንድ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ተሻግሬ ከጫማዬ እስከ ፓስፖርቴ በስብሼ ደርሻለሁ። ትንሽ አውሮፕላንም አለ፤ ሆኖም የበረራ ሰሌዳውን እንደ ቃል ኪዳን አትቁጠሩት።

ንጋዚጃ ላይ ስለምታገኙት ጸጥታ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በደሴቲቱ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ የለም። ዝናቡ ብዙ ቢሆንም ዓለቱ ገና ወጣትና ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ ውኃውን እዚያው ይጠጣዋል፤ ሕዝቡም የዝናብ ውኃ በየቤቱ ማጠራቀሚያ ይዞ ይኖራል። በዚህ ምክንያት ከባሕሩ ራቅ ብላችሁ ወደ ጫካው ስትገቡ የጅረት ድምፅ የሚባል አይሰማም። እኔ ከጎጃም ሰው ነኝና ተራራና ጫካ አይቶ ውኃ አለመስማት መጀመሪያ ላይ ጆሮዬን ግራ አጋብቶት ነበር፤ በኋላ ግን የቅጠሉን ጠብታ መለየት ጀመርኩ።

ድንጋይ አንባቢ

ጂኦሎጂ አስተምራለሁና ስለ ካርታላ እኔ ልናገር። ካርታላ 2,361 ሜትር ከፍታ ያለው፣ እንደ ኤርታሌ ሁሉ በቀጭኑ የሚፈስ የባሳልት ቅልጥ ዓለት እየደራረበ የተሠራ፣ እስካሁንም ሕያው የሆነ እሳተ ገሞራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ቅልጡ ከጎኑ ፈልቶ ሲንጋኒ የምትባለውን መንደር ቤቶች አፍርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ አመዱ የሕዝቡን የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያዎች በክሏል። ይህን የምጽፈው ላስፈራዎት አይደለም፤ ከመሄዳችሁ በፊትና እዚያም ስትደርሱ የተራራውን ሁኔታ መጠየቅ እንደ አየር ሁኔታ ጥያቄ የተለመደ እንዲሆንባችሁ ነው።

ከፍታው ከአዲስ አበባ ጋር አቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የአየር ማጠር አያሳስባችሁም። ችግሩ መነሻው ላይ ነው። መንገዱ ከሞሮኒ በላይ ካሉት መንደሮች ስለሚጀምር፣ ከስድስት ኪሎ እንጦጦ ጫፍ ድረስ ሦስት ጊዜ እንደ መውጣት ይቆጠራል፤ በመንገዱ ላይ ውኃ ስለማይገኝም ለሁለት ቀን የሚበቃውን ተሸክሞ፣ አናቱ ላይ በድንኳን አድሮ፣ በማግሥቱ ያንኑ ሁሉ ቁልቁል መውረድ ነው። ለባለቤትዎ ጉልበት የሚከብደው መውረዱ ስለሆነ፣ በግልጽ እናገራለሁ፣ እስከ አፉ ድረስ እንዲወጡ አልመክርም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። አንድ የአካባቢ መሪ ይዞ ማለዳ መነሣት፣ ጫካው ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ዘና ብሎ መውጣት፣ ከዚያም በሰላም መመለስ። ይህ የማይበቃችሁ ከሆነ በሰሜን በኩል ላ ግሪ የሚባለው፣ ከፍታው 1,087 ሜትር የሆነ አረጀት ያለ የእሳተ ገሞራ ተራራ አለ፤ በሣርና በዛፍ የተሸፈኑ ትናንሽ ጉብታዎች ስላሉበት ለእግር የሚመች ነው። ወደ ካርታላ አናት የወጣ ሰው የሚያገኘውን ግን ልደብቅዎት አልችልም። ጫካው ካለቀ በኋላ የሚመጣው ቁጥቋጦ የእኛው አስታ ዘመድ ነው። ከጥቁሩ አሸዋ መካከል የበቀለውን ያንን ደቃቅ ቅጠል ስነካው ሰሜን ተራሮች ላይ የቆምኩ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ስል ግን ከበታቼ የሕንድ ውቅያኖስ አለ።

ሲስተር ከጅማ

አጭር ነገር ልበል። ኮሞሮስ ውስጥ ወባ አለ፤ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ለወባ የለመደ ሰውነት የለውም። ከጉዞው ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ሐኪም ዘንድ ቀርባችሁ፣ የምትወስዷቸውን ሌሎች መድኃኒቶች ነግራችሁ፣ መከላከያውን እሱ ይምረጥላችሁ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ከፓስፖርቱ ጋር ያዙ፤ አጎበርም አይረሳ። ባሕር ውስጥ ስትገቡ የፕላስቲክ ጫማ አድርጉ፤ ኮራል የቧጨረው ቁስል ትንሽ ቢመስልም ቶሎ ያመረቅዛልና በንጹሕ ውኃና በሳሙና ወዲያው ይታጠብ። ከተመለሳችሁ በኋላም ትኩሳት ከተሰማችሁ «ኮሞሮስ ነበርን» ማለትን አትርሱ።

ከሊዮን

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። በዚህ ዕድሜ ለሚጓዝ ሰው በሕንድ ውቅያኖስ ያለችው የፈረንሳይ ደሴት ሬዩኒየን ትሻላለች። ፒቶን ደ ኔዥ የሚባለው ተራራዋ 3,070 ሜትር ነው፣ ፒቶን ደ ላ ፉርኔዝ ደግሞ በየጊዜው የሚፈነዳ እሳተ ገሞራ ነው፤ ሸንተረሮቹና ገደሎቹ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ማፋት የምትባለው ሸለቆ የመኪና መንገድ ስለሌላት በእግር ወይም በሄሊኮፕተር ብቻ ነው የምትደረሰው። ከዚያ የበለጠ ጸጥታ የት አለ? መንገዱ ምልክት አለው፣ ሆስፒታሉም ቅርብ ነው።

ሞሮኒ የኖረ

ወንድሜ፣ ስለ ውበቱ አልከራከርህም። ነገር ግን ማፋት ማለት ደረጃ ወርዶ ደረጃ መውጣት ነው፤ የጠያቂዋ ባለቤት ጉልበት የሚቸገረው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ሬዩኒየን በሸንገን ቪዛ እንደማይገባባትም ታውቃለህ። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው የቪዛው ጣጣና የዋጋው ነገር ጸጥታውን ሳያገኝ ያደክመዋል።

ዓባይ ማዶ

እኔ የምናገረው ስለ ሞሄሊ ብቻ ነው። ከደሴቶቹ ሁሉ ትንሿ ናት፤ በደቡብ በኩል ኒዩማሹዋ ከምትባለው መንደር ፊት ለፊት ያሉት ትናንሽ ደሴቶችና ባሕሩ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የተጠበቀ ክልል ናቸው። በነሐሴ ዓሣ ነባሪዎች ግልገሎቻቸውን ይዘው በዚያ ያልፋሉ። በኡዋላ በኩል ክንፏ ሲዘረጋ 1.4 ሜትር ያህል የሚደርስ፣ ከኮሞሮስ ውጭ በየትም የማትገኝ ጥቁር የሌሊት ወፍ አለች፤ ቀን ቀን ከትልልቅ ዛፎች ላይ ተንጠልጥላ በአንድ ክንፏ ራሷን ስታራግብ ትታያለች።

ለእናንተ በዋናነት የምመክረው ግን ኢትሳሚያ ነው። የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው የሚጠብቁት የባሕር ኤሊ መጣያ ዳርቻ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ከመንደሩ ልጅ ጋር ወርደን አሸዋው ላይ ተቀመጥን፤ መብራት የለ፣ ወሬ የለ። መጀመሪያ ያየሁት ሰው ከባድ ጆንያ ጎትቶ ያለፈበት የሚመስል ሰፊ መሥመር ነበር። በመሥመሩ መጨረሻ ኤሊዋ ጀርባዋን ሰጥታን ትቆፍራለች። የኋላ እግሮቿን በየተራ እያጠፈች አሸዋውን ስታወጣ ሴት በመዳፏ ዱቄት ከዕቃ እንደምትዘግን ነው፤ አንዱ ሲዘግን ሌላው ይጠብቃል። በየመካከሉ ታቆምና ረጅም ትንፋሽ ትተነፍሳለች። ያ ትንፋሽ ብቻውን ሲሰማ አጠገቤ የነበረው ሰው «ደከመች» አለ በሹክሹክታ፣ ከዚያ ሁላችንም ዝም አልን። እንቁላሎቹን መጣል ከጀመረች በኋላ ነው መሪው ጠጋ እንድንል የፈቀደልን፤ ነጭና ክብ፣ መቶ ያህል ይሆናሉ፤ ጫጩቶቹ የሚወጡት ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው። ሸፍናቸው ስትጨርስ የበተነችው አሸዋ ጫማዬን ሞላው።

ነጭ ባትሪና የካሜራ ፍላሽ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ እናቲቱን ወደ ባሕር ይመልሳታል፣ ጫጩቶችንም መንገድ ያስታቸዋል። ቀይ ብርሃን ያለው ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። ከኤሊ ድንጋይ የተሠራ ጌጥ የሚያቀርብላችሁ ሰው ቢኖር አትግዙ።

የአራት ኪሎዋ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ባለቤቴ የ«ድንጋይ አንባቢ»ን መልስ ሁለት ጊዜ አንብቦ ዝም ካለ በኋላ ላ ግሪን መርጧል። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፤ እንዴት እንደምጠይቀው አላውቅም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ ነዳጅ ያለቀበት የአየር መንገዳችን አውሮፕላን የወደቀው በዚያው በንጋዚጃ ሰሜናዊ ባሕር ዳርቻ ነው። ባለቤቴ በዚያን ጊዜ በሬዲዮ የሰማውን ዜና አሁንም ያስታውሰዋል። እንደ ጎብኚ ብቻ ማለፍ አልፈለግንም።

ሞሮኒ የኖረ

ቦታው ሚትሳሚዩሊ አጠገብ ነው፤ በዘመኑ ጋላዋ የሚባል ሆቴል ፊት ለፊት። ከ175 ሰው 125ቱ ያለፉበት ባሕር ነው፤ ካፒቴን ልዑል አባተ አውሮፕላኑን ዳርቻው አጠገብ ለማሳረፍ በመቻላቸው፣ የመንደሩ ሰዎችና የሆቴሉ እንግዶችም በጀልባ በመድረሳቸው 50 ሰው ተርፏል። እኔ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስነግራቸው ጉዳዩን ሳላነሣው ያነሡልኝ ሽማግሌዎች አጋጥመውኛል። ማለዳ ሂዱ፤ አሸዋው ነጭ ነው፣ ከጎኑ ጥቁሩ ዓለት እስከ ውኃው ወርዷል፣ ውኃው ጸጥ ያለ ነው። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ በባንጎይ ኩኒ ከባሕሩ አጠገብ ያለ ጨዋማ የእሳተ ገሞራ አፍ ሐይቅ አለ። ወንጪን ለወደደ ሰው እዚያ ግማሽ ቀን መቀመጥ ነው።

ስለ ጾሙ አትስጉ። ማታባ የሚባል በኮኮናት ወተት የተሠራ የካሳቫ ቅጠል አላቸው፤ ከሩዝ ጋር ይበላል። አንዳንዴ ዓሣ ወይም ሥጋ ስለሚጨምሩበት ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ። ሙዝ፣ ካሳቫና ኮኮናት በየቦታው አለ። ሕዝቡ ሙስሊም ነውና ከባሕር ዳር ስትወጡ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይኑራችሁ፤ ነጠላዎ በቂ ነው። ሰው ፎቶ ከማንሣት በፊት ማስፈቀድ፣ ለተደረገላችሁም ነገር «ማራሃባ» ማለት ብዙ በር ይከፍታል። ገንዘብ በጥሬ ዩሮ ያዙ፤ አንድ ዩሮ 492 ያህል የኮሞሮስ ፍራንክ ሆኖ የተተመነ ስለሆነ በምንዛሬ አትጉላሉም፤ ከሞሮኒ ውጭ ግን በባንክ ካርድ አትተማመኑ። ሰዓታችሁን መቀየር አያስፈልጋችሁም፤ ከእኛ ጋር አንድ ነው።

የአራት ኪሎዋ (ጠያቂ)

ቀይ ባትሪ መርካቶ ፈልገን አጣን።

ዓባይ ማዶ

ቀይ የከረሜላ ወረቀት ሁለት ሦስት አጥፋችሁ በላስቲክ ባትሪው አፍ ላይ እሰሩት። እኔም ያደረግሁት እሱን ነው።